የትኛውን ጡት ነው እምቢ ያለው

ያቺን ሴት ሁለት ጊዜ መልሻታለሁ። መጀመሪያ ስትመጣ መለስኳት፣ ሁለተኛ ስትመጣም መለስኳት፤ ሁለቱንም ጊዜ እየሳቅኩ፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረግኩ። ሰው ሲሳሳት ልቡ አንድ ነገር ሹክ ይለዋል ብዬ አምን ነበር። እኔን ግን ምንም ሹክ ያለኝ አልነበረም። በሁለቱም ቀን ምሳዬን በደንብ በልቻለሁ።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ከትልቁ ድርቅ በኋላ ያሉት ዓመታት። እኔ ቆቦ ውስጥ በአንዲት ባለ ሦስት ክፍል ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርኩ። ሐኪም የለንም። የሚወጋውም፣ የሚያዋልደውም፣ ቁስል የሚያጥበውም እኔና አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ነበርን። በገበያ ቀን ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ አጥሩን ይዞር ነበር። ለችኮላዬ ሁልጊዜ በዚያ ሰልፍ አሳብባለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሰልፍ ባይኖርም ችኩል ነበርኩ። በሽተኛው ገና ከበሩ ሲገባ በሽታውን ማወቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ካርድ ላይ መጻፍ እጀምራለሁ። ድሬሰሩ «አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽ ከእጅሽ ኋላ ቀረ» ይለኝ ነበር፤ እኔም እንደ ቀልድ እወስደው ነበር።

ሴትዮዋ የመጣችው ከሮቢት ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ በእግር አንድ ሰዓት ከምታስኬድ መንደር ነው። ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። የአምስት ወር ወንድ ልጅ አዝላለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። አማቷ አብረዋት መጡ፤ የባሏ እናት፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት፣ ንግግሩን ሁሉ የያዙት እሳቸው ናቸው።

«ወተቱ ዞሮባት ነው» አሉኝ። «ከማሽላ ስትጠብቅ ውላ ትመጣና ላቧ ሳይደርቅ ታጠባዋለች። ተይ ብላት አትሰማኝም። ይኸው ረግቶ ቀረ።»

ልጅቱ ግራ ጡቷን አወጣችልኝ። ከላይ በኩል፣ ወደ ብብቷ ጠጋ ብሎ እብጠት አለ። ነካሁት፤ ጠንካራ ነው። «ያምሻል?» አልኳት። «አያመኝም» አለች። ያን ጊዜ አለማመሙን እንደ ደግ ነገር ቆጠርኩት።

«ምን አደረጋችሁለት?» ስል አማቷን ጠየቅኳቸው።

«ማሽላ እናሞቅና በጨርቅ ቋጥረን እናደርግላታለን። ሌላ ምን እናድርግ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ከአገሩ ባልቴቶች ጋር ጠብ ነበርኩ። የሕፃን እንጥል የሚያስቆርጡ፣ ገና ለተወለደ ልጅ ቅቤ የሚያውጡ፣ ለተቅማጥ ድድ የሚያስበጡ እነሱ ናቸው፤ ሳይነጋገሩ ተነጋግረው፣ እኔ አንድ ስል እነሱ ሌላ። ያን ቀን ግን አማቲቱ ያሉት ትምህርት ቤት ካስተማሩኝ ጋር ገጠመ። ሙቅ ነገር አድርጊበት፣ ማጥባትሽን አታቋርጪ፣ ይለቃል፤ እኔንም ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው። ከአንዲት የራያ ባልቴት ጋር ስስማማ የመጀመሪያዬ ነበርና ደስታው ራሴን አዞረው። «እማማ፣ እርስዎ ከእኔ በላይ ሐኪም ነዎት» አልኳቸው። ተሳሳቅን። ልጅቱም ከእኛ ጋር ፈገግ አለች። ሰደድኳቸው።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። እብጠቱ አለ። እንዲያውም አድጎ ይሆናል፤ መጀመሪያ ስላልለካሁት አላውቅም። ግን ወሬው ሌላ ሆኖ ነበር የጠበቀኝ፤ ልጁ ጡት እምቢ ብሏል።

በዚያ አገር ሕፃን ጡት እምቢ ካለ እናቱ ፀንሳለች ማለት ነው። በሆድ ያለው ወተቱን ያበላሽበታል፣ ያን ወተት የጠባ ልጅ ይከሳል፣ ያስቀምጠዋል ይባላል። ስለዚህ ነገሩ እንደታወቀ በዚያው ቀን ጡት ያስጥሉታል። እሬት ይቀቡና ሕፃኑ አፉን ሲያደርግ ይመረዋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ያለቅሳል፣ ከዚያ ይረሳዋል። አማቲቱ እሬቱን ቀብተውት ነበር የመጡት።

«ነይ፣ የወር አበባሽ መጥቷል?» አልኳት።

«ከወለድኩ ወዲህ አይቼውም አላውቅ» አለች።

የምታጠባ ሴት ብዙ ጊዜ አታይም። ይህን አውቃለሁ፤ ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ግን አማቲቱ ደስ ብሏቸዋል፣ ሰልፉ አጥሩን ዞሯል፣ እኔ ደግሞ እጄ ካርዱ ላይ ነው። «ነፍሰ ጡር» ብዬ ጻፍኩ። የደም ማነስ ኪኒን ሰጠኋት። «እብጠቱስ?» ስትለኝ «ጡት ካስጣልሽ ወተቱ ይደርቃል፣ አብሮ ይሄዳል» አልኳት። ሆዷን እንኳ አልነካሁም። ስትወጣ ከበሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ፤ ሌላ ነገር የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ቀጣዩን በሽተኛ ስጠራ ሄደች።

በዚህ መካከል እኔ ራሴ የሰባት ወር ሴት ልጅ አጠባ ነበር። አንድ ቀን ገላዬን ስታጠብ ቀኝ ጡቴ ላይ እጄ አንድ ነገር አገኘ። የሽምብራ እሸት አይደለም፤ ትልቅ ነው፤ የእንቁላል አስኳል ያህላል። ሳሙናው በእጄ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ።

ለሰው ሁሉ የምለውን ለራሴ አልኩት። ወተት ነው። ማሽላ አሙቄ በጨርቅ ቋጠርኩ። አንድ ሳምንት። ሁለት ሳምንት። አልሄደም። ለሰው ስናገረው ያሳምን የነበረ ቃል ለራሴ ሲሆን ባዶ ሆነብኝ። እጄ ዕረፍት አጣ። ልጄን ሳጠባ እነካዋለሁ፣ ወጥ ስሠራ እነካዋለሁ፣ መርፌ ስቀቅል በክንዴ ጫን እለዋለሁ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ መፈክር ሲል የእኔ እጅ ቀሚሴ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ከጎኔ ቆሞ «እጅሽን አውጪ፣ ሊቀመንበሩ እያየሽ ነው» ብሎ በክርኑ ጎሸመኝ። አወጣሁና መፈክሩን ጮህኩ፤ ምን እንደጮህኩ ግን አላውቅም።

ወልድያ ሐኪም አለ። ግን ያን ጊዜ ከቆቦ ወጥቶ ወልድያ ለመድረስ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ለምን እንደምትሄጂ፣ መቼ እንደምትመለሺ ይጻፋል። ሊቀመንበሩ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ተቀምጦ ነበር።

«ለምን ጉዳይ?» አለኝ።

«ታምሜ።»

«ራስሽ ሐኪም ነሽ፤ የምን ሕመም ነው?»

ሦስት ወንድ ፊት ጡቴን አልልም። «የሴት ነው» አልኩት። ሰውዬው እሳት የነካው ያህል ማኅተሙን አንሥቶ መታልኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

የወልድያው ሐኪም ቀጭን፣ ቀስ የሚል ሰው ነበር። ቀስታው አናደደኝ። መቼ አየሽው? ልጅቷ ከጠባች በኋላ ያንሳል ወይስ እንዳለ ነው? ልጅቷ ሁለቱንም ጡት ትወስዳለች? ከእናትሽ ወገን እንዲህ የሆነ ሰው አለ? አስተኛኝና መጀመሪያ ደህናውን ጡት ዳሰሰ። «እሱ እኮ ደህና ነው» አልኩት። «ደህናው እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ የታመመውን በምን ልለየው?» አለ። ብብቴን ዳሰሰ። ከአንገቴ ሥር ዳሰሰ። እኔ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ከዚያ መርፌ አስገብቶ ሳበ። ወተት ወጣ። ወፈር ያለ፣ ቅባት የመሰለ ወተት። እብጠቱ እጁ ሥር ሟሽሾ ጠፋ።

አለቀስኩ። ሳቅኩም መሰለኝ። «እኔም ወተት ነው ብዬ ነበር!» አልኩት፤ ያን ሰዓትም ማወቄን ማሳየት አማረኝ።

እጁን እየታጠበ «ልክ ነበርሽ» አለኝ። «ግን አታውቂም ነበር። ልክ መሆንና ማወቅ ለየቅል ናቸው።» ከዚያ ፎጣውን እያጠፈ፣ ለባልደረባ እንደሚነገር፣ ቀጠለ። «የምታጠባም ሆነች ያረገዘች ሴት ጡቷ ብዙ ያሳስታል። አብዛኛው ደግ ነው። ለዚህ ነው የሚያዘናጋው። ሁለት ሳምንት ሙቅ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካልሄደ ወተት ነው ብለሽ አትተዪው። ሕፃኑ አንዱን ጡት ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ሁለቱን ሳምንትም አትጠብቂ።»

አንዱን ብቻ።

ከአልጋው ወርጄ ቀሚሴን እየቆለፍኩ ነበር፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ። የሮቢቷ ልጅ ፊት ድቅን አለብኝ፤ ከበሩ ላይ ዞር ብላ ያየችኝ። ልጇ እምቢ ያለው ሁለቱንም ነው ወይስ አንዱን? አልጠየቅኋትም።

አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ከጎኔ ያሉት ነጋዴ «ልጄ፣ አቅለሸለሸሽ እንዴ?» ብለው መስኮት ዳር ሰጡኝ። ጎብዬን አለፍን። ሮቢት ስንደርስ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ እኔም ከወንበሬ ተነሣሁ። ግን ይለፌ የሚለው ቆቦ ነው፤ በዚያው ቀን ካልተመለስኩ ባለቤቴን ይይዙታል። ልጄም ቤት ናት፣ ጡቴ ሞልቶ ቀሚሴን አርሶታል። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስለ እኔ ጡት ሰላም ባገኘሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰላሙ ሄደ፤ የሄደውም ለብዙ ወር ነው።

በማግሥቱ መዝገቡን አወጣሁ። ስሟ አለ፣ ዕድሜዋ አለ፤ አድራሻ በሚለው ላይ በችኮላ «ሮቢት» ብቻ ብዬ ጽፌያለሁ። ሁለተኛው መምጫዋ ሦስት ወር አልፎታል። ቀጥሎ ባለው ቀን ክትባት ነበር፤ በሦስተኛው ስብሰባ። በአራተኛው ቀን መዝገቡን በብብቴ ይዤ፣ ልጄን አዝዬ፣ የማሽላ ጭነት በያዘ አይሱዙ ሮቢት ወረድኩ። ወደ ምሥራቅ በእግር ሄድኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

የመጀመሪያው መንደር ስሟን ስጠራ «የለችም» አሉኝ። ሁለተኛው ላይ መዝገቡን ገልጬ ስሟን አነበብኩላቸው። ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ነበሩ፤ ፊታቸው ተዘጋ። «እንዲህ የምትባል አናውቅም» አለች አንዷ፤ ሌሎቹ እንስራቸውን አስተካክለው ሄዱ። አንድ ቤት ደረስኩ፤ በሩ ተዘጋ። ሌላ ቤት ደረስኩ፤ አንድ ሽማግሌ ወጥተው እኔን ሳይሆን መዝገቡን ያዩ ጀመር።

«እስካሁን ጽፋችሁ የወሰዳችኋቸው አልበቃችሁም?» አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ደም ፊቴ ላይ ወጣ። ከዓመት በፊት ወደዚያ አገር መዝገብ የያዙ ሰዎች መጥተው ስም ጽፈው ነበር፤ ከስሙ በኋላ የጭነት መኪና መጣ፤ ከመኪናው በኋላ ሰዉ ለሰፈራ ሄደ፤ የሄደው አልተመለሰም። እኔ ደግሞ የአንዲትን ሴት ስም ከመዝገብ እያነበብኩ ከቤት ቤት እዞራለሁ።

መዝገቡን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ግን የሚያምነኝ አጣሁ። ልጄ ታለቅሳለች። አንድ ቁርቁራ ሥር ተቀምጬ ጡቴን አውጥቼ አጠባኋት። ተናድጃለሁ፤ በእነሱም፣ በራሴም፣ በመዝገቡም። ሴትዮዋ ከእነዚህ ጎጆዎች በአንዱ ውስጥ እብጠቱን ይዛ ተቀምጣለች፣ እኔ እንደ ለማኝ ዛፍ ሥር ነኝ። ልጄ አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው ሳዞራት ከጀርባዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ለሰፈራ የሚጽፍ ሰው ልጅ አዝሎ አይመጣም።»

አማቲቱ ነበሩ። መጀመሪያ በሩን የዘጉብኝም እሳቸው መሆናቸውን በኋላ ነው የነገሩኝ። ጎንበስ ብለው አዩኝ። «ወላሂ፣ የቆቦዋ ሐኪም ነሽ! ምነው? ምን መጣ?»

«ምራትዎን ላያት ነው የመጣሁት እማማ። ደህና ናት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አለች» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሆዷ ግን ተደብቆባታል» አሉኝ፤ ፅንሱ አልገፋ ማለቱ ነው።

ቤቱ ጨለም ያለ፣ ቀዝቃዛ ነበር። ልጅቱ ከስታለች። ሕፃኑ ከአጎዛው ላይ ተቀምጦ ከቅል የፍየል ወተት ይጠጣል፤ ክንዱ ቀጥኗል፣ ዓይኑ ትልቅ ሆኗል። ባሏ ከማሳ ተጠርቶ መጣና ከበሩ አጠገብ ቆመ። እሷን አስተኛኋትና ሆዷን ዳሰስኩ። ፀንሳ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጊዜ ሆዷ እንብርቷን ማለፍ ነበረበት። እጄ ሥር ግን ጠፍጣፋ ሆድ ብቻ ነው። ማንም የለም።

«ልጁ እምቢ ያለሽ የትኛውን ጡት ነው?» አልኳት።

«ግራውን» አለች።

«ቀኙንስ?»

«ቀኙንማ መች ጠላው! ሌት ተቀን ይጠባው ነበር። እሬት ቀብተን ነው ያስጣልነው።»

አማቲቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ለመናገር የሚፈሩ ሰው አልነበሩም፤ ያን ሰዓት ግን ወደ ሕፃኑ አዩና ተቀመጡ።

ግራ ጡቷን ተመለከትኩ። እብጠቱ ቦታውን አልለቀቀም፤ ስነካው ከሥሩ ጋር የተያያዘ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ጫፉ ወደ ውስጥ ተስቧል። ብብቷ ውስጥ አንድ ጠጣር ነገር አገኘሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ያን ቀን ማንም ባይነግረኝም ፈራሁ።

«ወልድያ መሄድ አለባት» አልኩ። «ነገ።»

ባሏ ከበሩ ሳይንቀሳቀስ «መጀመሪያ ወተት ነው አልሽ» አለኝ። «ቀጥለሽ አርግዛለች አልሽ። ልጄን ጡት አስጣልነው። ዛሬ ደግሞ ምንድን ነው ልትይን የመጣሽው?»

መልስ ነበረኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ እናትህም እንዲሁ ነው ያሉት፣ ማንም ቢሆን ይሳሳታል። ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «ተሳስቻለሁ» አልኩት። «አሁንም ምን እንደሆነ አላውቅም። ለማወቅ ነው እንሂድ የምለው።» አላውቅም የሚለውን ቃል በሽተኛ ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰውየው የሚፈራው እኔን ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሕክምና ብለው ከመንደር የወጡ ሰዎች በዚያው ተጭነው ሄዱ የሚል ወሬ ነበር፤ እውነት ይሁን ሐሰት እኔም አላውቅም።

ልጅቱ ነጠላዋን ጡቷ ላይ መልሳ ተቀመጠች። «እኔን የሚጠይቀኝ የለም?» አለች። ድምፅዋ አስቤው የማላውቀው ወፍራም ድምፅ ነበር። «እኔ አውቄው ነበር። ልጄ አፉን አድርጎ ሲተፋው አውቄዋለሁ። ከሁላችሁ ቀድሞ እሱ ነገረኝ። አንቺ ሐኪሟ፣ ልጠይቅሽ ስል ሌላ ሰው ጠራሽ። እሄዳለሁ።»

አማቲቱም ተነሥተው ሕፃኑን አዘሉት። «እኔም አብሬ ነኝ» አሉ። «ከጫኑንም አንድ ላይ ይጫኑን።»

የይለፍ ወረቀቱ ከእነሱ ቀበሌ ነበር መውጣት ያለበት። ሊቀመንበሩ ከሦስት ቀን በኋላ ኑ አለን። ትዕግሥቴ አለቀ። «በሽታው ወደ ሰው ይተላለፍ እንደሆነ ገና አላጣራሁም» አልኩት፤ የሚተላለፍ ነገር እንዳልሆነ እያወቅኩ። ወንበሩን ወደ ኋላ አንፏቅቆ ፈረመ። በዚያ ውሸት እስከ ዛሬ አላፍርም።

ወልድያ ያው ሐኪም ያው ቀስታው። ይህን ጊዜ ቀስታው አላናደደኝም፤ እንዲያውም እንዳይጨርስ ፈለግኩ። ደህናውን ጡት መጀመሪያ ዳሰሰ። ብብቷን። አንገቷን። ከዚያ መርፌውን አስገብቶ ሳበ። ምንም አልመጣም። አንድ ጠብታ ደም ብቻ። እንደገና ሳበ፤ ደረቅ ወጣ። ሐኪሙ ወደ እኔ አላየም፤ ወደ እሷ ዞሮ፣ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፣ ምን እንደሚያስፈራውና ለምን ደሴ መሄድ እንዳለባት በቀስታ ነገራት። እሷ ሰማችው። አማቲቱ «አብሽሪ፣ አላህ አለ» እያሉ ጀርባዋን ያሻሹ ነበር። ከዚያ ደሴ ሄዱ። እኔ ወደ ቆቦ ተመለስኩ፤ ይለፌ እዚያ አያደርስም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ በደንብ አላስታውስም። ከደሴ በሚመጣ አውቶቡስ ሁሉ ላይ ወሬ እጠይቃለሁ። ቤት ገብቼ እወጣለሁ፣ ወጥቼ እገባለሁ። ባለቤቴ «ተቀመጪ እንጂ፣ ወለሉን ጨረስሽው» ይለኛል። ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ በሌላ በኩል አበድኩ፤ ጡቷን አመመኝ ያለችን ሁሉ ወልድያ ላክሁ። ወተት የሞላባትን፣ ጫፉ የተሰነጠቀባትን፣ በመግል ያበጠባትን፣ ሁሉንም። ሐኪሙ በአንዷ እጅ ብጣሽ ወረቀት ላከልኝ፤ «መጀመሪያ እጅሽ አልሠራም፣ አሁን ደግሞ ፍርሃትሽ ሁሉን ይሠራል። ጠይቂ፣ ዳስሺ፣ ሁለት ሳምንት ቆጥረሽ እንደገና እያት፤ ከዚያ ላኪ» ይላል። ተናድጄ ቀደድኩት፤ ወዲያው ቁርጥራጩን ሰብስቤ በፕላስተር አያያዝኩት።

ደሴ ጡቷን እንደቆረጡላት ሰማሁ። የሰማሁት ከአማቲቱ ነው፤ ለገበያ ቆቦ መጥተው። ሕፃኑ አፉን ወደ ቀኝ ጡቷ ሲያደርግ ደረቅ ሆኖ እንዳገኘውና እናትየው እንዳለቀሰች ነገሩኝ። «እሬቱን የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉ። ምን ልበላቸው? «ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሁለታችንም እንደ ፊቱ አልሳቅንም።

ከዚያ ዓመት በኋላ መንገዱ ተዘጋ፣ ጦርነቱ ቀረበ፣ እኔም ቆቦን ለቀቅኩ። በሽታው ተመልሶባት እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደኖረች አላውቅም። ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም። የማውቀው ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋትን ቀን ነው።

ከደሴ ከተመለሰች ሁለት ወር ገደማ ይሆናል። ሰልፉ አጥሩን በዞረበት የገበያ ቀን ተራዋን ጠብቃ ገባች። ቀሚሷ በግራ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ ልትሸፍነው አልሞከረችም። ደህንነቴን እንደ ደንቡ ጠየቀች፣ ባሌን፣ ልጄን። ከዚያ ዓይኔን እያየች «በመጀመሪያው ቀን ብትልኪኝ ጡቴ ይተርፍ ነበር?» አለችኝ።

ድሬሰሩ ከጎኔ ቁስል ያጥብ ነበር፤ እጁን አቆመ።

«ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ» አልኳት። «በእርግጠኝነት አላውቅም። ግን አስባለሁ።»

«እኔም እንዲያ ነው የማስበው» አለች። «ከአንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው።» አላለቀሰችም። ይቅርም አላለችኝ፤ እኔም ይቅር በዪኝ ለማለት ድፍረት አጣሁ። ዞር አለችና ከኋላዋ የቆመች ልጃገረድ በክንዷ ስባ ወደ ፊት አመጣች። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«እህቴ ናት። አላገባችም። ጡቷ ላይ አንድ ነገር አገኘች፤ ፈርታ ለእናታችን አልተናገረችም፣ ለእኔ ነገረችኝ። እያት። እኔን እንዳየሽኝ ግን አትያት።»

መጋረጃውን ሳብኩ። ልጅቷን አስተኛኋት። እጄ እብጠቱን ገና ሲነካ ከጣቴ ሥር ሸሸ፤ ለስላሳ፣ ክብ፣ እንደ ልቡ የሚንሸራተት ነው፤ የልጃገረዶች ብዙው እንዲህ ነው፣ ደግ ነው። «ምንም አይደለም» የሚለው ቃል ጥርሴ ጋር ደረሰ። ዋጥኩት። እጄን አነሣሁና መጀመሪያ ደህናውን ጡት ዳሰስኩ። መቼ እንዳየችው ጠየቅኋት፤ የወር አበባዋ የሚመጣበትን ቀን ጠየቅኋት፤ አበባዋ ሲቃረብ ያብጥ እንደሆነ፤ ከቤተሰባቸው ከታላቅ እህቷ ሌላ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ አልኳት። ብብቷን ዳሰስኩ፣ ከአንገቷ ሥር ዳሰስኩ። እብጠቱን በክር ለካሁና ልኩን ጻፍኩ። አበባሽ መጥቶ ከሄደ በኋላ ትመለሺና እንደገና እለካዋለሁ፤ ያን ጊዜም ካለ፣ ደግ ቢመስለኝም፣ ወልድያ ያለው ሐኪም ያይሻል አልኳት። ከመጋረጃው ውጭ ሰልፉ ያጉረመርማል፣ አንድ ሰው ስሜን ይጠራል።

እህቷ ከአልጋው ራስጌ ቆማ ነበር። እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ከእጄ ላይ አላነሣችም።